ልጅ ቤት ውስጥ ራሱን ችሎ እንዲማር ምን እናዘጋጅለት?



እኛ ከቦምቤና ከአካባቢዋ የመጣን አራት እጩ መምህራን ነን። ባለፈው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ አንድ ጥያቄ ይዘን ሄደን ነበር። ይኸውም «መምህር አጠገቡ በሌለበት ሰዓት ልጅ እንዴት ሊማር ይችላል?» የሚል ነው። የሠፈራችንን ዘጠኝ ልጆች ሰብስበን የምናውቀውን ሞከርን። ግማሹ ተሳካልን፤ ግማሹ ደግሞ አሳፈረን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለቱንም ሳንደብቅ ለእናንተ ማካፈል ነው። ነገ ሁላችንም ክፍል ይዘን መቆማችን ስለማይቀር ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም።

1ኛ/ ጥያቄው ከየት መጣ?

በገጠርም ሆነ በትናንሽ ከተሞች ብዙ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ያስተምራሉ። ጧት የሚማር ልጅ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ነው፤ ከሰዓት የሚማረውም ጧት ቤቱ ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ በዓላትና ክረምቱ ሲጨመሩ ልጁ በክፍል ውስጥ ከሚያሳልፈው ጊዜ በቤት የሚያሳልፈው እጅግ ይበልጣል። መምህሩ ግን የሚያቅደው ለክፍሉ ብቻ ነው። ለቤቱ የሚተርፈው «ገጽ 34ን ሠርታችሁ ኑ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ደወሉ ሲደወል በችኮላ የሚነገር።

ይህ ጉድለት ቁልጭ ብሎ የታየው በ2012 ዓ.ም. ነበር። የኮቪድ 19 በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን ተነገረ፤ ከመጋቢት 7 ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በመላ ኢትዮጵያ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ዋለ። ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲሰጥ ተሞከረ። በሮቹ በየደረጃው መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። ሰባት ወር መሆኑ ነው።

እኛ ያኔ 7ኛ ክፍል ነበርን። በመጀመሪያው ሳምንት ደብተራችንን አውጥተን አነበብን። በሁለተኛው ሳምንት ያነበብነውን ደግመን አነበብን። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩ ጣራ ሥር ተሰቀለ፤ እኛም ወደ እርሻው፣ ወደ ከብቱና ወደ ገበያው ሄድን። በሠፈራችን ሬዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ነበር፤ ቴሌግራም የሚከፍት ስልክ ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ከመካከላችን የአንዱ ታናሽ እኅት በዚያ ዓመት 2ኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ሲዘጋ አጫጭር ቃላት ማንበብ ጀምራ ነበር። በ2013 ዓ.ም. እንደ ሌሎቹ ሁሉ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወረች፤ ንባቡ ግን አብሯት አልተዛወረም። መጽሐፉን ይዛ ሥዕሉን እያየች ትገምት ነበር እንጂ አታነብም። ከክፍላችን ልጆች አንዱ ደግሞ ለሊስትሮ ሥራ ወደ አዲስ አበባ እንደሄደ ቀረ። እስከ ዛሬ የት እንደደረሰ አናውቅም።

ታዲያ እነዚህ ልጆች ሰነፎች ነበሩ? አልነበሩም። ቤት ውስጥ ብቻቸውን እንዴት እንደሚማሩ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም፤ እኛንም ያስተማረን አልነበረም። በራስ መማር ከሰማይ የሚወርድ ጠባይ ሳይሆን፣ እንደ መደመርና መቀነስ ሁሉ መምህር በክፍል ውስጥ ቀስ በቀስ የሚያስለምደው ሙያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው።

2ኛ/ መጀመሪያ የሠራናቸው ስሕተቶች

ክረምቱ እንደገባ ከሱቅ የሳሙናና የብስኩት ካርቶን ለምነን፣ ቆራርጠን የሥራ ካርድ አዘጋጀን። በካርዱ ፊት ጥያቄውን፣ በጀርባው መልሱን ጻፍን። ለዘጠኙም ልጆች አደልንና «በሉ እንግዲህ ቤታችሁ ሥሩ» አልናቸው።

ሀ/ ቋንቋው ከበዳቸው። ካርዶቹን የጻፍናቸው እዚህ የመማሪያ ጽሑፎቻችን በሚጻፉበት ዓይነት ነበር። «የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበብክ በኋላ ዋና ፍሬ ነገሩን አብራራ» የሚል አንድ ካርድ ነበረን። አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ በማግሥቱ ሳይሠራው መለሰው። ለምን አልሠራህም ስንለው «ምን አድርግ እንደሚል አላወቅሁም» አለን። ልክ ነው፤ ትእዛዙ ከሥራው ይከብድ ነበር።

ለ/ መልሱ ተገለበጠ። ከሦስት ቀን በኋላ የሒሳቡ ካርድ ሁሉ ትክክል ሆኖ መጣ። እኛም ዘዴው ሠራ ብለን ተደሰትን። አይ ሞኝነት! ከመካከላቸው አንዱን እፊታችን እንዲሠራ ብንጠይቀው እርሳሱን ይዞ ቀረ። ለካስ ካርዱን ገልብጦ መልሱን ብቻ ነበር የሚጽፈው። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። እኛ የጠየቅነው መልስ እንጂ አሠራር አልነበረምና።

ሐ/ ሳናጣራ ፈረድን። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ ለሦስት ቀን ምንም ሳትሠራ መጣች። በዝርዝራችን ላይ ከስሟ አጠገብ «ሰነፍ» ብለን ጻፍን። በአራተኛው ቀን ወደ ቤቷ ሄድን። ስንደርስ ሕፃን አዝላ፣ ጀሪካን ይዛ ከምንጭ ስትመለስ አገኘናት። ጀሪካኑን አስቀምጣ ወደ ጎደሬው ልጣጭ ሄደች። ከዚያ ፍየሎቹ አሉ። ደብተሯን የምትይዘው ከራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንቅልፍ ይይዛታል። ዝርዝሩን አውጥተን ያንን ቃል ሰረዝነው። ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም፤ ሰዓት ነበር ያጣችው።

ከነዚህ ሦስት ስሕተቶች በኋላ ነው ሥራውን እንደገና ያደራጀነው።

3ኛ/ እንዴት አደራጀነው?

ሀ/ ሰዓት።
ከሁሉ በፊት ሰዓት ይቅደም። በየቤቱ ሄደን ከወላጆች ጋር ተነጋገርን። «ልጅዎን ሥራ አያሠሩት» አላልንም፤ እንዲህ ብንል ማን ይሰማናል? ያልነው «በቀን ውስጥ ማንም የማይጠራበት አጭር ጊዜ ይስጡት» ብቻ ነው። የዚያች የ4ኛ ክፍል ልጅ እናት ትንሽ አሰቡና «ውሃው ይቅደም። ከውሃው በኋላ ጀበናው እስኪፈላ ድረስ የእሷ ነው፤ ማንም አይላካት» አሉ። ወንድሟም አንድ ቀን እየዘለለ ውሃውን እንዲቀዳ ተፈረደበት። አጉረመረመ፤ ግን ቀዳ።

በእኛ አስተያየት ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ደግሞ 30 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ሰዓት የሌለው ቤት በጀበናው ይለካ። ዋናው ርዝመቱ ሳይሆን በየቀኑ መደጋገሙ ነው።

ለ/ ቦታ።
ጠረጴዛ ባይኖር መደብ አለ፤ በሩ አጠገብ ብርሃን አለ። ካርዶቹን በቃጫ ገመድ አስረን ከግድግዳው ላይ ሰቀልንላቸው። ልጁ ሰዓቱ ሲደርስ «ደብተሬ የት ሄደ?» እያለ ጊዜ አይፈጅም፤ ሕፃኑም አይቀድበትም።

ሐ/ ራሱን የሚያሳርም ሥራ።
በጣም የደከምንበት ይህ ነው። ልጁ ልክ መሥራቱንና መሳሳቱን ራሱ የሚያውቅበት መንገድ ከሥራው ጋር መሰጠት አለበት። የሚከተሉትን ምሳሌዎች ተመልከቱ።

ሒሳብ፦ በካርዱ ራስ ላይ አንድ የተሠራ ምሳሌ ይቀመጥ። «12 ስኳር ድንች በ3 መደብ እኩል ተደረደረ። በአንዱ መደብ 4 ሆነ። ማረጋገጫ፦ 3 ጊዜ 4 ስንት ነው? 12። ልክ ነው።» ከሥሩ ልጁ የሚሠራው ይምጣ። «24 ስኳር ድንች በ4 መደብ ደርድር። በአንዱ መደብ ስንት ሆነ? አረጋግጥ።» ገበያ የወጣ ልጅ ሁሉ መደብ ምን እንደሆነ ያውቃል። የተጠራጠረ የበቆሎ ፍሬ አምጥቶ መሬት ላይ ይደርድር። ከዚያ ትንሽ ከበድ ያለ ይከተል። «27 ቢሆንና በእያንዳንዱ መደብ 5 ብታደርግ ስንት መደብ ይሆናል? ስንት ይተርፋል?» 5 መደብ ይሆናል፤ 2 ይተርፋል። 5 ጊዜ 5 ሲደመር 2፣ 27 ይሆናል። የመልስ ካርድ አያስፈልግም፤ ፍሬው ራሱ ይመሰክራል። እኛም በማግሥቱ የምናየው መልሱን ሳይሆን ማረጋገጫውን ነው።

ሳይንስ፦ በሁለት አሮጌ ጣሳዎች እርጥብ አፈር ይሞላ፤ በእያንዳንዱ ሦስት የበቆሎ ፍሬ ይተከል። አንዱ ጣሳ ውጭ ብርሃን ያግኝ፤ ሌላው ጨለማ ጥግ ይቀመጥ። ሁለቱም እኩል ውሃ ይጠጡ። ልጁ በየቀኑ ያየውን በአንድ መስመር ይጻፍ፣ ሥዕሉንም ይሣል። ከቀናት በኋላ በጨለማ ያለው ቀጥኖ፣ ተመዝዞና ቢጫ ሆኖ ያየዋል። «ተክል ለመለምለም ብርሃን ይፈልጋል» የሚለውን መስመር ከመጽሐፍ ከመሸምደድ ይልቅ በገዛ ጣሳው አየው ማለት ነው።

ንባብ፦ ይህ በእኛ አካባቢ የራሱ ታሪክ ስላለው ለብቻው እናንሣው።

4ኛ/ የአያትየውና የልጅቷ ንባብ

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ትምህርቱ በብሔረሰቦች ቋንቋ ይሰጥ ነበር። በዘመቻው ሥራ ላይ ከዋሉት 15 ቋንቋዎች ወላይትኛ አንዱ ነው። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት በዩኔስኮ በኩል አግኝቷል። ያን ጊዜ ወላይትኛ ይጻፍ የነበረው በእኛው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን የትምህርት ቤት ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው።

ከዚህ የተነሣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት አንባቢ ይገኛል። አያት በፊደል ወላይትኛ ያነባሉ፤ የልጅ ልጅ በላቲን ታነባለች። ቋንቋው አንድ ነው፤ ግን አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ብዙ አያቶች «እኔ የዛሬውን ትምህርት አላውቅም» ብለው ዘወር ይላሉ።

ከዘጠኙ ልጆች የአንዷ አያት እንዲህ ዓይነት ሰው ናቸው። መጽሐፏን ገልጠው አዩና በአንድ ቃል መካከል 7 ቁጥርን አገኙ። «ልጄ፣ ቁጥር ከቃል መሐል ገብቶ ምን ይሠራል?» አሉን። በላቲኑ አጻጻፍ 7 በወላይትኛ ውስጥ ከጉሮሮ ቆረጥ ብሎ ለሚወጣው ድምፅ ምልክት መሆኑን ነገርናቸው። ሳቁና «ታዲያ ድምፁንማ አውቀዋለሁ» አሉ።

ይህች አነጋገር መንገድ ከፈተችልን። ልጅቷ ከመጽሐፏ አንድ ዐረፍተ ነገር ጮክ ብላ ታነባለች። አያቷ የሰሙትን በፊደል ይጽፉታል። ከዚያ መጽሐፉን ሳያዩ የጻፉትን መልሰው ያነቡላታል፤ እሷ ደግሞ ከመጽሐፉ ጋር ታስተያያለች። አንድ ከሆነ አንብባዋለች፤ ከተለየ አንድ ቦታ ስታለች ማለት ነው። ተመልሳ ታየዋለች። ብዙ ጊዜ የምትስተው አናባቢ ሲደገም ድምፁን ማርዘም፣ ተነባቢ ሲደገም ማጥበቅ ላይ ነበር። አያትየው ግን የቋንቋው ባለቤት ናቸውና ላልቶ የተነበበ ቃል ጆሯቸውን ይቆረቁረዋል። «እንዲህ አይባልም፤ እንደገና በይው» ይሏታል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ደብተር ሙሉ በሁለት ዓይነት ጽሕፈት ሞልተው አሳዩን። እኛ ያላሰብነውን ዘዴ ከእኛ የተሻለ አድርገው ሠሩት።

ማንበብ ጨርሶ የማይችል ወላጅስ? እሱም ሥራ አለው። ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል፦ «ዛሬ ምን ተማርክ? እንዴት አወቅኸው? እስቲ አሳየኝ።» የዚያች የ4ኛ ክፍል ልጅ እናት ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን መደቡን በበቆሎ ፍሬ ስትደረድር ቁጭ ብለው ይመለከቱ ነበር። አንድ ቀን ልጅቷ ስትሳሳት ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። ለዓመታት ገበያ ሲቸረችሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ማካፈልን ከእኛም ይልቅ ያውቁታል።

5ኛ/ የመምህሩ ድርሻ

በቤት የተሠራ ሥራ በክፍል ካልታየ ይሞታል። ይህን ከራሳችን የልጅነት ዘመን እናውቃለን። ሌሊት በኩራዝ የሠራነው የቤት ሥራ በማግሥቱ ሳይታይ ሲቀር፣ በሦስተኛው ቀን መሥራት እናቆም ነበር። በእርግጥ 60 ወይም 70 ተማሪ ያለው መምህር የሁሉንም ደብተር በየቀኑ ሊያርም አይችልም። ነገር ግን የሚከተሉትን ማድረግ ይችላል።

1. በትምህርቱ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ማረጋገጫቸውን ይተያዩ።
2. መምህሩ በየቀኑ የአንድ ረድፍ ደብተር ብቻ ይመልከት። በሳምንት ውስጥ ሁሉም ይዳረሳል።
3. አዲስ ዓይነት ካርድ ወደ ቤት ከመላኩ በፊት በክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ አብረው ይሥሩት። ልጅ በክፍል ያልሞከረውን ዘዴ ቤቱ ብቻውን አይሞክረውም።
4. በሳምንቱ መጨረሻ ልጁ ራሱ «የገባኝ»፣ «ያልገባኝ»፣ «የምጠይቀው» ብሎ ሦስት መስመር ይጻፍ። ያልገባውን ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ይህ ሐሳብ የእኛ ግኝት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በደቡብ አሜሪካዊቷ ኮሎምቢያ፣ አንድ መምህር ብዙ ክፍሎችን አጣምሮ በሚያስተምርባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች «ኤስኩዌላ ኑዌቫ» ወይም አዲሱ ትምህርት ቤት የሚባል ሥርዓት ተጀመረ። ከጀማሪዎቹ አንዷ ቪኪ ኮልበርት ናቸው። በዚያ ሥርዓት ልጆች ደረጃ በደረጃ በሚመራ የመማሪያ ጽሑፍ በትንንሽ ቡድንና በየራሳቸው ፍጥነት ይማራሉ፤ መምህሩ እየዞረ ያግዛል። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛምቷል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ በአገራችን በየቄስ ትምህርት ቤቱ ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ሲያስቆጥር ኖሯል። ትልቁ ትንሹን ሲያስተምር ራሱም ይጠነክራል። እኛም ከዘጠኙ ልጆች 4ኛ ክፍል የሆኑትን ከ2ኛ ክፍሎቹ ጋር ስናጣምር ይህንኑ አይተናል።

6ኛ/ ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ የቤት ሥራ ቅጣት አይሁን። «ስለ ረበሻችሁ 50 ጥያቄ ሠርታችሁ ኑ» የተባለ ክፍል ከዚያ በኋላ የቤት ሥራን የሚያየው እንደ አለንጋ ነው።

ሁለተኛ፣ «ልጁ በራሱ ይማራል» የሚለው አባባል መምህር ከክፍል ለሚቀርበት ምክንያት አይሁን። ካርድ መምህርን አይተካም። ካርዱን የሚያዘጋጀው፣ የሚያየውና የሚያሻሽለው መምህሩ ነውና።

ሦስተኛ፣ ልጁ ያለበትን ኑሮ ሳናውቅ አንፍረድ። የተራበ ልጅ ሦስት መስመር ለማንበብም ይከብደዋል። የሴት ልጅ ሰዓት ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚበላው ነው። የሰጠነው ሥራ ሳይሠራ ሲመጣ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሣታችን በፊት «ከትምህርት ቤት ከወጣሽ በኋላ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ብለን እንጠይቅ።

7ኛ/ ማጠቃለያ

ከዘጠኙ ልጆች ሰባቱ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ቆዩ። ሁለቱ በመካከል ቀሩ፤ አንዱ ከአጎቱ ጋር ለሥራ ሄደ፣ ሌላው ግን እንዲያው ሰልችቶት ነው። ይህንን የምንነግራችሁ ሥራው ቀላል ነው ብለን እንዳናሳስታችሁ ነው። የቆዩት ሰባቱ ሁሉም ጎበዝ ሆኑ አንልም። አንድ ነገር ግን አይተናል። መጀመሪያ ላይ ካርድ ስንሰጣቸው «ልክ ነው ወይ?» እያሉ ወደ እኛ ይሮጡ ነበር። በመጨረሻ «ቆይ፣ ላረጋግጥ» ማለት ጀመሩ።

ያ በ2012 ዓ.ም. ንባቧን የረሳችው እኅት ዛሬ ከእኩዮቿ ሁለት ክፍል ዝቅ ብላ እየተማረች ነው። በክረምቱ ካርድ ስንቆርጥ አብራን ትቆርጥ ነበር። አንድ ቀን ማታ፣ ካርዶቹን በቃጫ እየሰፋች፣ «ያኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢኖረኝ ኖሮ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። እኛም ዝም አልን። ይህንን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን ያ ዝምታ ነው።

ለውይይት፦
1. እናንተ የመጣችሁበት አካባቢ ልጆች በቤታቸው ሥራ የማይበዛባቸው ሰዓት የትኛው ነው? ወንዶቹና ሴቶቹ እኩል ሰዓት አላቸው?
2. ከምታስተምሩት የትምህርት ዓይነት ልጁ ያለ መልስ ወረቀት ራሱን ሊያርምበት የሚችል አንድ ሥራ አዘጋጁ።
3. ወላጅ ማንበብ በማይችልበት ቤት ለወላጁ ምን ድርሻ ትሰጣላችሁ?

መልሳችሁን ጽፋችሁ ከዚሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉልን። ከእኛ ስሕተት የተማራችሁትን ያህል እኛም ከእናንተ እንማር።

ከቦምቤና ከአካባቢዋ የመጣን እጩ መምህራን